ዝማምና አውራ ጣት የሌለው ትራክተር

ድሮ ነው። ጭቃ ሹም በበቅሎ፣ ሴት በእንስራ፣ ፍርድ በጉልበት በሚሄድበት ዘመን ነው። የነገሩኝ ሰዎች ከሰሙት የሰሙት ነው፤ ከራሴ የጨመርኩት ቢኖር ንዴቴን ብቻ ነው። ተቀመጡና ስሙ።

ቀጭን ውኃ የሚባል አገር ነበረ። ስሙን ያገኘው ከምንጩ ነው። ምንጩ ከዓለት ስንጥቅ እንደ ሕፃን ክንድ ቀጥኖ ይወጣል፤ በክረምት አይወፍር፣ በበጋ አይከሳ። አገሩ ሁሉ ከዚያ ይጠጣል፤ ከብቱም ከዚያ፣ ጠላውም ከዚያ፣ ክርስትናውም ከዚያ።

በዚያ አገር ዝማም የምትባል ሴት ነበረች። የቀጥቃጭ ልጅ፣ የቀጥቃጭ ሚስት፣ ኋላም የቀጥቃጭ መበለት። ልጆቿ አድገው ስማቸው ወደማይታወቅበት አገር ተበትነዋል። ባሏ ባዬ በሕይወት ሳለ ሠላሳ ዓመት ወናፍ ነፋችለት። እሱ ሲሞት መዶሻውን አነሳች። ሴት ብረት አትመታም ይባል ነበር። ይባል እንጂ ማረሻው የዶለዶመበት ሁሉ ይመጣ ነበር። ሲመጣም በበር አይገባም። ማረሻውን በአጥሯ ላይ ወደ ግቢዋ ይወረውራል፤ እህሉን ደጇ ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አፍስሶ ይሄዳል። በሦስተኛው ቀን ተስሎ የተቀመጠለትን ማረሻ ከዚያው ድንጋይ ላይ ያነሳል። ማን መታው ብሎ የጠየቀ የለም። ከጠየቀማ በጠይብ፣ ያውም በሴት እጅ በተሳለ ማረሻ ሊያርስ ነው። ካልጠየቀ ግን ማረሻ ማረሻ ነው።

እንስራም የምትሠራው እሷው ነበረች። ዝማም ያልሠራችው እንስራ በአገሩ አልነበረም። እሷ ግን ከምንጩ አትቀዳም። ሴቶቹ ሁሉ ቀድተው እስኪጨርሱ ከታች ቆማ ትጠብቃለች፤ ከዚያ አንዲቱ ከላይ ሆና በቅል ታንቆረቁርላታለች፤ የቡዳ እንስራ የምንጩን አፍ እንዳይነካ። ልብ በሉ! እንስራው ሁሉ በእጇ የተዳመጠ ጭቃ ነው። ምንጩን የነካው እንስራ ሁሉ አስቀድሞ ዝማም የነካችው ነው። ይኼን ያሰበ አንድ ራስ በቀጭን ውኃ አልነበረም። ወይም ነበረና ዝም ብሏል፤ የኋለኛው ይብሳል።

አንድ ክረምት ዝናቡ አልቆም አለ። በጳጉሜ ተራራው ትከሻውን ጣለ። አፈሩ ወረደ፤ በሬ የሚያካክሉ ድንጋዮች ተከትለውት ወረዱ፤ በምንጩ አፍ ላይ ተቆለሉ። ሰዎቹ ጆሯቸውን ድንጋዩ ላይ ለጥፈው አዳመጡ። ውኃው ከሥር ይንሿሿል። ይሰማል፤ አይቀዳም።

ሴቶቹ ወደ ገደሉ ወንዝ መውረድ ጀመሩ። መውረዱ ጠዋት፣ መውጣቱ ከሰዓት በኋላ። የጭቃ ሹሙ የደርሶ ሚስት ጌጤነሽ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ለጭቃ ሹም ቤት አህያ አልጠፋም፤ አህዮቹ ግን ጌሾ ጭነው ገበያ ይሄዱ ነበር። ጌጤነሽ ከገደሉ መንገድ ላይ ከነእንስራዋ ወደቀች። እንስራውም ባዶ ቀረ፤ ሆዷም ባዶ ቀረ።

ይኼን ጊዜ ነው ጭቃ ሹም ደርሶ በማዶ መንገድ ወደሚሠሩት የመንግሥት ሠራተኞች ሰፈር የሄደው። ለምኖ፣ ሰንጋ አርዶ፣ አንድ ትራክተር ተውሶ መጣ። ትራክተሩ ከኋላው ረጅም ክንድ አለው፤ በክንዱ ጫፍ አራት ጥርስ ያለው ባልዲ ያንጠለጥላል። ለኅዳር ወር ብቻ ነው፤ ታኅሣሥ ሲጠባ ይመለሳል። ነጂው ተካልኝ የሚባል፣ ሆዱ የተገፋ፣ አፉ የማያርፍ የከተማ ሰው ነበር።

አፈሩን በሁለት ቀን ዛቀው። እልልታው ቀለጠ። ድንጋዮቹ ላይ ሲደርስ ግን እልልታው ቆመ። ባልዲው ከድንጋዩ ሥር ይገባል፤ ድንጋዩን ያነሳል፤ ድንጋዩ ከባልዲው ላይ ይንሸራተታል፤ ተንከባሎ ወደ ምንጩ አፍ ይመለሳል። እንዳይገፉት ቁልቁለቱ ወደ ምንጩ ነው። እንዳይፈልጡት ፍርካሹ ስንጥቁን ይደፍነዋል። አንድ ቀን እንዲህ ዋለ። ሁለት ቀን ዋለ። አራት ቀን ዋለ። አዋቂ በዛ።

“ከጎኑ ጫረው!”

“ቀስ ብለህ አባብለው!”

“ጸበል ይረጭበት እንጂ ይኼስ የሰው ሥራ አይደለም!”

ዝማም ከሰዉ ራቅ ብላ፣ ሁልጊዜ ውኃ ከምትጠብቅበት ቦታ ቆማ ታያለች። ክንዱን ታያለች። ባልዲውን ታያለች። ተካልኝ ሞተሩን አጥፍቶ ላቡን ሲጠርግ፣ ለራሷ የተናገረችው ከሁሉም ጆሮ ገባ።

“አራት ጣት አለው፤ አውራ ጣት የለውም።”

“ምን አሉ እማማ?” አለ ተካልኝ።

ዝማም ቡጢ የሚያህል ድንጋይ አነሳች። በአራት ጣቷ ያዘችው፤ ወደቀ። አውራ ጣቷን ጨመረች፤ ያዘችው። “እኔ የጋለ ብረት የምይዘው በጉጠት ነው። በማንኪያ አልይዘውም። አንተ ድንጋዩን በማንኪያ ነው የምታነሳው።”

ተካልኝ ባልዲውን አየ፤ እጁን አየ። “አሥራ አንድ ዓመት ስነዳው አንድም ቀን ጣቱን ቆጥሬ አላውቅም!” አለና ሳቀ።

ጭቃ ሹም ደርሶ ግን አልሳቀም። “ጠይብ ለመንግሥት መኪና ጣት ልትቀጥል?”

“መኪናው እንደሆነ አልተቃወመም ጭቃ ሹም” አለች።

አማራጭ ቢኖረው አይሰማትም ነበር። አማራጭ ስለሌለው “ዋጋሽ ምንድነው?” አላት።

“ውኃው ሲወጣ በእጄ ልቅዳ። ከአፉ። እንደ ሰው ተራዬን ይዤ።”

ሰዎቹ ተያዩ። ጥማድ በሬ ትጠይቃለች ብለው ነበር። ደርሶ እጁን አነሳና “ጊዮርጊስን! ትቀጃለሽ!” ብሎ ማለ። መሐላው እንዴት ቀላል ሆነለት! የሚሰጠው ነገር ለእሱ ምንም ስለሆነ ነው። ለእሷ ምን እንደሆነ የጠየቃት የለም።

ብረት ከየት ይምጣ? አሮጌ ማረሻ ስጡኝ አለች። “ማረሻችንን ደግሞ ትብላው?” አሏት፤ በየዓመቱ ለእሷ የሚወረውሩትን ማረሻ። በጣሊያን ጊዜ አንድ የጭነት መኪና ገደል ገብቶ ነበር። ዝማም አህያዋን ይዛ ወረደች። ሦስት ቀን ፈጀባት፤ ከሥሩ መኪናውን የሚሸከመውን ባሌስትራና ብሎኖቹን ፈታ አወጣች። ብረት ለመምታት አንድ ሰው፣ ወናፍ ለመንፋት አንድ ሰው ያስፈልጋል። ወናፏን ለመንካት የደፈረ የአገር ሰው አልተገኘም። ተካልኝ እጅጌውን ሰብስቦ ተቀመጠ።

“እማማ፣ ይኼ ወናፍ ከትራክተሩ ይከብዳል” አላት።

“ትራክተሩስ ነዳጅ ነው የሚጠጣው። አንተ የጭቃ ሹሙን ጠላ ጠጥተህ መጥተህ ምን ጉልበት ይኑርህ! ንፋ!”

ባሌስትራውን አገለችው፤ ቀጠቀጠችው፤ እንደ ጣት አጎበጠችው። በክንዱ ዙሪያ የሚታሰር የብረት ቀለበት ሠራች፤ ጣቱን በዚያ አሰረችው። ከማሰሯ በፊት ግን አንድ ነገር ተሳስታ ነበር። ባዬ ለማረሻ እንደሚያደርገው፣ አባቷም እንዳደረገው፣ ብረቱን ቀይ እንዳለ ውኃ አጠጣችው። ባሌስትራ ግን ማረሻ አይደለም። ድሮውንም የጠነከረ ነው፤ ውኃ ሲጠጣ እንደ ብርሌ ይሆናል። ጣቱ ድንጋዩን ጨበጠ፤ ከፍ አደረገ፤ ሰዉ አፉን ከፈተ። ጧ! አለ። ከሁለት ተሰበረ። ድንጋዩ ወደ ቦታው ተመለሰ። ውኃው ከሥር ይንሿሿል። ይሰማል፤ አይቀዳም።

በማግስቱ ደግሞ ተካልኝ ታሞ አደረ። ዝማም በላችው ለማለት ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለገም። የአገሩ ሰዎች ተሰብስበው ገቡ፤ ነጠላ አልብሰው በጭስ አፈኑት። “ተናገር! ማናት? ከየት ያዘችህ?” አሉት።

ተካልኝ እየሳለ ብቅ አለ። “እናገራለሁ። የበላኝ የጭቃ ሹሙ ቁርጥ ነው። ቡዳው በሬው ነው። በእመብርሃን ይኼን ጭስ አንሱልኝ፣ በሽታው ሳይጨርሰኝ እናንተ ልትጨርሱኝ ነው።”

ሁለተኛውን ጣት ስትሠራ ዝማም የአባቷን ደንብ ተወች። ውኃ አላጠጣችውም። ትኩስ አመድ ውስጥ ቀብራ ቀስ ብሎ እንዲበርድ ተወችው። እንዳይነቃነቅም አድርጋ ክንዱ ላይ አጠበቀችው። አንደኛውን ድንጋይ አወጣ። ሁለተኛውን አወጣ። እልልታው እንደገና ቀለጠ፤ ለትራክተሩ እልል ተባለ፤ ለተካልኝ እልል ተባለ፤ ለጭቃ ሹም ደርሶም እልል ተባለ። ለዝማም እልል ያለ ቢኖር ድምፁ አልተሰማም።

ሦስተኛው ድንጋይ ከሁለቱ ይበልጥ ነበር። ጣቱ አይከፈት፣ አይዘጋ፤ በጫፉ ብቻ ያዘው። ድንጋዩ አፈተለከ፤ ተንከባለለ፤ ለክብር ሲባል ከሁሉ ፊት ታስራ የነበረችውን የጭቃ ሹሙን በቅሎ እግር ሰበረ።

“በቅሎዬን በላችብኝ!” አለ ደርሶ።

ይኼን ብቻ ነበር የሚጠብቁት። ከእነዚያው እልል ካሉት መካከል አሥር ጎልማሶች ወደ ቤቷ ሄዱ። አጥሯን ጣሱ፤ ወናፏን በቢላ ዘነጠሉት፤ ሳይተኮሱ የተደረደሩ እንስራዎቿን ረገጧቸው። ዓይኗ ሰው ይበላል ብለው በበሯ ማለፍ የሚፈሩ ወንዶች! ቤቷን ለማፍረስ ሲሆን ፍርሃቱ የት ሄደ? እኔ እስከ ዛሬ መልሱን እጠይቃለሁ። ፍርሃት ቢሆን ኖሮ ያን ቀንም ይፈሩ ነበር።

ዝማም ከተቀደደው ወናፍ አጠገብ ተቀመጠች። ልሂድ አለች በሆዷ። ልጆቼ የሄዱበት ልሂድ፣ ወንዙንም ይውረዱት፣ ምንጩንም ይርሱት። እንዲህ ስትል እጇ አላርፍ አለ። አውራ ጣቷን ትከፍታለች፤ ትዘጋለች። ከፈት፤ ዘጋ። ለእንቁላል ይህን ያህል፣ ለመዶሻ እጀታ ይህን ያህል፣ ለእንስራ አንገት ደግሞ ይህን ያህል። ተናዳ ነበር፤ ምን እንዳጠፋች ግን አወቀች። ጣቱ ከሥሩ መታጠፍ ነበረበት። ይኼን ካወቀች በኋላ መሄድ አቃታት።

ግን ወናፍ የለም። ያለ ወናፍ እሳት የለም፤ ያለ እሳት ብረት ድንጋይ ነው።

በሦስተኛው ቀን በጠራራ ፀሐይ የጭቃ ሹሙ ሚስት ጌጤነሽ መጣች። ሁለት የለፋ የፍየል ቆዳ ተሸክማለች። በአጥር አልወረወረችም። በበር ገባች።

ዝማም ደንግጣ ብድግ አለች። “እሜቴ፣ ሰው ያይዎታል!”

“ይየኝ” አለች ጌጤነሽ። “ገደሉን ስወርድም ያየኝ ነበር።”

ቆዳውን መሬት ላይ ዘረጋችውና ቁጭ አለች። “ይኼ ወናፍ ይሆናል?”

“ይሆናል።”

“ስፌቱን አሳዩኝ፤ አብሬዎት ልስፋ።”

“እርስዎ” አለቻት እንግዲህ፤ የጭቃ ሹም ሚስት ጠይቧን። ሁለቱ ሴቶች ቆዳውን ሰፉ። ስለ ወደቀው ልጅ አንድ ቃል አልተነጋገሩም ይባላል። ዝማም መርፌውን ስታቀብላት እጃቸው ተነካካ፤ ሁለቱም አልሸሹም።

ሦስተኛው ጣት ተሠራ። ከሥሩ ይታጠፋል። ከጀርባው የሚደግፈው ብረት አለ፤ ብረቱ ቀይ ሳለ ዝማም አምስት ቀዳዳ በስታበታለች። ለትንሽ ድንጋይ ማቆሚያው ፒን በቅርቡ ቀዳዳ ይገባል፤ ለትልቅ በሩቁ። ተካልኝ ዙሪያውን ዞሮ አየውና ባርኔጣውን አወለቀ። “ይኼን ትራክተር የሠሩት ሰዎች ቢያዩ ያፍራሉ” አለ።

“አይፈሩ። አራቱን እነሱ ሠርተዋል” አለችው።

የኅዳር የመጨረሻ ቀን ነው። ከጠዋት ጀምሮ ድንጋይ ወጣ። ትንሹ ወጣ፤ ትልቁ ወጣ፤ በቅሎ የሰበረው ወጣ። ከሰዓት በኋላ አንድ ብቻ ቀረ፤ በራሱ በስንጥቁ አፍ ላይ የተቀመጠው። ዝማም ፒኑን በአምስተኛው ቀዳዳ አስገባች። ባልዲው ገባ፤ አውራ ጣቱ ከላይ ወረደ፤ ጨበጠ። ድንጋዩ ተነሳ። ውኃው ደፍርሶ ወጣ፤ ትንሽ ቆይቶ ጠራ፤ እንደ ሕፃን ክንድ ቀጥኖ ወረደ። ሴቶቹ አለቀሱ። ዝማም እንስራዋን አንስታ ወደ ምንጩ ሄደች።

“አንቺ! ወዴት ነው?” አለ ደርሶ።

“ልቀዳ።”

“ቆይ እንጂ። መጀመሪያ ቄሱ ይባርኩት፤ ሰባት ቀን ጸበል ይረጭ፤ ሴቶቹም ይቅዱ። አንቺ ለጊዜው ከታች ቁሚ፤ ያንቆረቁሩልሻል።”

“ምለውልኛል፣ ጭቃ ሹም።”

“ምያለሁ። ትቀጃለሽ አልኩ እንጂ ዛሬ አላልኩም።”

አንዳንድ ወንዶች ሳቁ። ብልህ መልስ መሰላቸው። አያችሁ፣ የተጠማ ሰው ይምላል፤ ውኃውን ያየ ሰው ቃል ይሰነጥቃል።

ዝማም ውኃውን አየችው። ሠላሳ እርምጃ ወደ ታች፣ ስትጠብቅ የኖረችበትን ቦታ አየች። ወደ ትራክተሩ ዞረች።

“ተካልኝ።”

“አቤት እማማ።”

“ድንጋዩን መልሰው።”

ድንጋዩ ገና በአየር ላይ ነበር። ደርሶ “እንዳትነካው! ማሽኑ የመንግሥት ነው!” ብሎ ጮኸ።

“ማሽኑ የመንግሥት ነው ጭቃ ሹም” አለ ተካልኝ፣ “አውራ ጣቱ ግን የእሷ ነው።” ክንዱን ቀስ አድርጎ አወረደው። ድንጋዩ በስንጥቁ አፍ ላይ ተቀመጠ። ውኃው ተቆረጠ። ዝማም ፒኑን ነቀለችና በመቀነቷ ቋጠረችው።

ውኃው እንደገና ከሥር ተንሿሿ። ይሰማል፤ አይቀዳም። ትራክተሩ በማግስቱ ሊሄድ ነው።

ከዚያ ጩኸቱ መጣ። “ቀማኛ!” “አገር ልታስጠማ!” “ፒኑን ቀሟት!” አሉ ወንዶቹ፤ ግን ቀዳሚ የሆነ እጅ የለም፤ ፒኑን ቢቀሟትም የትኛው ቀዳዳ ለየትኛው ድንጋይ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ዝማም እንስራዋን በምንጩ ፊት መሬት ላይ አስቀመጠችና ከጎኑ ቆመች።  

ያኔ ጌጤነሽ እንስራዋን ይዛ ከሴቶቹ መካከል ወጣች። ከዝማም እንስራ ኋላ አስቀመጠችው። “የእኔ ተራ ከእሷ ቀጥሎ ነው” አለች።

“ጌጤነሽ! ቤትሽ ግቢ!” አለ ባሏ።

“ያለ ውኃ ገብቼ ምን ልሠራልህ? ወይስ ነገ ወንዙን አንተ ትወርድልኛለህ?”

ከሴቶቹ አንዷ ሳቋ አመለጣት። እሷም መጥታ እንስራዋን ከጌጤነሽ ኋላ አስቀመጠች። ሌላዋ መጣች። ሌላዋም። ገደሉን የወረዱት ሁሉ መጡ። እንስራው ተሰልፎ ቁልቁል እስከ ታችኛው ቦታ ደረሰ። ወንዶቹ በአንድ ወገን ቀሩ፤ ከእነሱ አንዱም እንስራ አልያዘም፤ ይዘውም አያውቁ።

ደርሶ ሰልፉን አየ። ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረና “እንደፈለጋችሁ” አለ። ፈቅጃለሁ ማለቱ ነው። እንዲህ ያለ ወንድ ሲሸነፍ “እንደፈለጋችሁ” ይላል፤ ሲያሸንፍ ግን እንደፈለገው ነው።

ዝማም ፒኑን ከመቀነቷ ፈታች፤ በአምስተኛው ቀዳዳ መለሰችው። ድንጋዩ ተነሳ፤ ተወሰደ፤ ከሜዳው ወዲያ ተጣለ። ተንበረከከች። እንስራዋን ከስንጥቁ አፍ ደገነች። ውኃው በእጇ ላይ ወረደ፤ እስከ ክርኗ ደረሰ። አልቸኮለችም። ሲሞላ አዝላው ተነሳች፤ “ተረኛ!” አለችና ሄደች።

ተካልኝ በማግስቱ ትራክተሩን ከነጣቱ ይዞ ሄደ፤ ፍታው ብትለው እንኳ አልፈታም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ በቀጭን ውኃ ከታች ቆሞ ውኃ የሚጠብቅ የለም። ሁሉም በመጣበት ተራ ይቀዳል። እስከ ዛሬም በዚያ አገር፣ ጉዳዩ እስኪሞላለት ምሎ ሲሞላለት የሚክድ ሰው ሲገኝ አይከራከሩትም። ሽማግሌ አያስቀምጡለትም። “ድንጋዩን መልሱለት” ይሉታል። የሰጡትን ይነሱታል፤ ያበደሩትን ጉልበት ይከለክሉታል፤ ቃሉን እስኪፈጽም ደቦ አይወጡለትም።

አባባሉ ያምራል። ሁሉም ይለዋል። ግን ይህንንም ስሙ። ባለፈው ዓመት ከዝማም የልጅ ልጆች አንዱ፣ የተማረ፣ ሥራ ያለው ልጅ፣ ለቀጭን ውኃ ሰው ልጅ ሽማግሌ ላከ። የልጅቷ አባት “አጥንቱስ?” ብሎ ጠየቀና ሽማግሌዎቹን ከደጅ መለሳቸው። በሳምንቱ ያው ሰው ገበያ ላይ ቆሞ፣ ቃሉን ያጠፈ ነጋዴ ፊት ደረቱን ነፍቶ “ድንጋዩን መልሱለት!” ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። ውኃዋን ይጠጣል፣ በቃሏ ይፈርዳል፣ የልጅ ልጇን ከደጁ ይመልሳል።

እንግዲህ ፍርዱ የሷው ነው፤ እኔ አልጨምርበትም። ለእሱም ድንጋዩን መልሱለት።